ለፍኖተ ሰላሟ መምህርት፦ የመንጋጋ ማስተካከያ ቀዶ ጥገና፣ ወጪውና ውጣ ውረዱ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ፍኖተ ሰላም በመንግሥት ትምህርት ቤት የማስተምር የ24 ዓመት ሴት ነኝ። የታችኛው መንጋጋዬ ወደ ፊት የወጣ ነው። የፊት ጥርሶቼ አይገጥሙም፤ እንጀራ እንኳ የምቆርሰው በጎን ጥርሴ ነው። አንዳንድ ፊደል ስጠራ ምላሴ ይኮላተፋል። አንድ የጥርስ ክሊኒክ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ብቻውን አይበቃሽም፣ መንጋጋሽ በቀዶ ጥገና መስተካከል አለበት አለኝ። ስንት ብር ላዘጋጅ? በጣም ያማል ወይ? የጤና መድን ይሸፍነዋል? እናቴ ደግሞ እግዜር የሠራውን አታስነኪ እያለች ታለቅሳለች።»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ነው። ያንቺን ዓይነት ችግር ይዘው የሚመጡ ወጣቶች አብዛኞቹ እንደ አንቺ «ስንት ነው?» ብለው ይጀምራሉ። ሲጠይቁ በሐሳባቸው ያለው የቀዶ ጥገናው ዕለት ነው። ያ ዕለት ግን ከጥቂት ሰዓታት አያልፍም። ገንዘቡም፣ ትዕግሥቱም፣ መመላለሱም ያለው ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ነው። ለዚያች ቀን ብቻ አጠራቅሞ መሃል ላይ ያቋረጠ ሰው ጨርሶ ካልጀመረው የበለጠ ይጎዳል፤ ጥርሱ ለቀዶ ጥገናው እንዲመች ተገፍቶ መንጋጋው ግን ባለበት ስለሚቀር አገጣጠሙ ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ከሥራው ልጀምር፤ ምን እንደሚደረግልሽ ሳታውቂ የዋጋው ዝርዝር ትርጉም አይሰጥሽም።

የታችኛው መንጋጋ ወጥቶ ሲታይ ችግሩ ሁልጊዜ የታችኛው አይደለም። ብዙ ጊዜ የላይኛው መንጋጋ ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ ሁለቱም ተደርበው የሚገኙበት ጊዜም አለ። ይህ በዓይን ግምት አይለይም። ሴፋሎሜትሪክ በሚባለው፣ ከጎን በሚነሳ የራስ ቅል ራጅ ላይ ተለክቶ ነው የሚታወቀው። ክሊኒኩ እንዲህ ያለ ራጅ ሳያነሳሽ «የታችኛው ይቆረጣል» ብሎሽ ከሆነ ገና ምርመራ አልተደረገልሽም ማለት ነው።

የሚቆረጠው ሁሉ በአፍ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ፊትሽ ላይ ጠባሳ አይታይም። የላይኛው መንጋጋ ከጥርሶቹ ሥር በላይ አግድም ተቆርጦ ይለቀቅና በተለካለት ቦታ ይቀመጣል። የታችኛው ደግሞ በስተኋላ፣ ከመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች አካባቢ፣ በግራም በቀኝም አጥንቱ በቁመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ከዚያ የክብሪት ቤትና መሳቢያው እንደሚንሸራተቱ አንዱ ገጽ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። አጥንቱ ወደ ኋላ ቢገባም ወደ ፊት ቢወጣም ሁለቱ ገጾች እንደተገናኙ ስለሚቆዩ ጥሩ ሆኖ ይጋጠማል። ይህን የታችኛውን አሠራር ሁጎ ኦብዌገሰር የተባለ የኦስትሪያ ተወላጅ ሐኪም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው ያስተዋወቀው። እስከ ዛሬ የምንሠራው የእሱኑ መንገድ እያሻሻልን ነው፤ አዲስ ሙከራ ይደረግብኛል ብለሽ እንዳትሰጊ ነው ይህን የማነሳልሽ። በመጨረሻ አጥንቱ ታይታኒየም ከሚባል ብረት በተሠሩ ትንንሽ ፕሌቶችና (ስስ ማያያዣ ብረቶችና) ብሎኖች ይታሰራል። ታይታኒየም አይዝግም፤ ካላስቸገረ ዕድሜ ልክ እዚያው ይቀመጣል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ብሬስ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር። መንጋጋሽ ሲያድግ ጥርሶችሽ አለመግጠሙን ለማካካስ ዘንበል ብለዋል፤ የታችኞቹ ወደ ውስጥ፣ የላይኞቹ ወደ ውጭ። ብሬሱ ይህን ማካካሻ አፍርሶ ጥርሱን በየአጥንቱ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ውጤቱ በመስታወት ሲታይ አያስደስትም፤ አገጭሽ ይበልጥ የወጣ ይመስላል፣ የፊት ጥርሶችሽ ይበልጥ ይራራቃሉ። «ገንዘብሽን ከፍለሽ ጭራሽ ተበላሸሽ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ለእናትሽም ለመምህራን ባልደረቦችሽም ከአሁኑ ብትነግሪያቸው ያኔ ትርፍ ጭንቀት አይጨምሩብሽም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ብሬሱ ከ6 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፤ ሲወልቅ ደግሞ ጥርሱ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዳይመለስ መያዣ ታደርጊያለሽ። ቀዶ ጥገናውን አስቀድሞ ብሬሱን የሚያስከትል አካሄድም አለ፤ የሚሆነው ግን ለተመረጡ ሰዎች ነው።

ችግሩ ቀላል የሆነ ሰው በብሬስ ብቻ ሊረዳ ይችላል፤ ያ ማታለል አይደለም። ያንቺ እንጀራ እስከማይቆርስ ድረስ ከሆነ ግን ጥርስ ነቅሎና አዘንብሎ የአጥንቱን ችግር መሸፈን ጥርሱን እንዳይጎዳ እፈራለሁ። ውሳኔው የጥርስ ማስተካከያ ሐኪሙና ቀዶ ሐኪሙ አንድ ላይ ሆነው ራጁን አይተው የሚሰጡት መሆን አለበት። ሁለቱ ተነጋግረው ዕቅዱ በጽሑፍ ሳይሰጥሽ ለብሬስ ቅድሚያ ክፍያ አትክፈይ። ከዚህ ሁሉ ምክሬ አንዱን ብቻ የምትሰሚ ከሆነ ይህን ስሚኝ።

አሁን ወደ ብሩ። ዛሬ ቁርጥ ያለ ዋጋ ብጽፍልሽ ከዓመት በኋላ ያሳስትሻል። ብሬሱ፣ ፕሌቱ፣ ብሎኑ፣ የሰመመን መድኃኒቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት የተሠራላት ጓደኛ የምትነግርሽን ዋጋ ለዝግጅትሽ መነሻ አታድርጊው። ኢንተርኔት ላይ የምታይው 20 ሺህና 40 ሺህ ዶላርም በአሜሪካ መድን የሌለው ሰው የሚጠየቀው ነው፤ እሱም ያንቺ ሒሳብ አይደለም።

የወጪው አካሄድ ግን ይታወቃል። ራጁና ሲቲ ስካኑ መጀመሪያ ይመጣሉ፤ ትንሹ ክፍል ይህ ነው። ብሬሱ ቅድሚያ ይከፈልበትና ቀሪው በየወሩ ይከፋፈላል፤ ከደመወዝሽ የሚስማማው ይህኛው ነው። የጥበብ ጥርስ (ዘግይቶ የሚበቅለው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ) ካለሽ ከታችኛው መንጋጋ ቀዶ ጥገና ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ እንዲነቀል ሊደረግ ይችላል፤ ዋጋው ለብቻው ነው። የቀዶ ጥገናው ክፍያ ደግሞ እንደ ቦታው በጣም ይለያያል። በመንግሥት ሆስፒታል የሐኪሙና የክፍሉ ክፍያ ከግሉ እጅግ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ወረፋ አለ፣ ፕሌትና ብሎን ከሌለ ደግሞ ዝርዝር ተጽፎ ከውጭ ግዙ ሊባል ይችላል። ለላይኛው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ አራት ፕሌት፣ ለታችኛው በየጎኑ አንድ ወይም ሁለት፣ ከነብሎኖቻቸው ይገባል። ስለዚህ የመንግሥት ሆስፒታል ስትመርጪ «የፕሌቱ ዋጋ በማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ከጠቅላላው ሒሳብ ትልቁ ቁራጭ እሱ ሊሆን ይችላል።

የግል ሆስፒታል አንድ ጠቅላላ ዋጋ ይነግርሻል። ያ ዋጋ ሰመመን ሰጪውን፣ ፕሌቱን፣ የአልጋውን ሌሊቶች፣ መድኃኒቱንና የክትትል ቀጠሮዎቹን ይጨምር እንደሆነ አንድ በአንድ አስጽፊ። ሰው ለመጠየቅ የሚያፍርበት አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፦ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ወይም አንድ ፕሌት ቢላቀቅና ድጋሚ መግባት ቢያስፈልግ ማን ይከፍላል? መልሱ ቀድሞ ይታወቅ። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

በየትኛውም ደረሰኝ ላይ የማይጻፍ፣ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ወጪ ደግሞ አለ። ብሬስ ማጥበቂያ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ እንደምትሄጂ አስቢው፤ ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያው፣ ከክፍል የምትቀሪበት ቀን። የመንጋጋ ማስተካከያ ቀዶ ጥገናና ብሬስ አብረው የሚሰጡባቸው ቦታዎች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። መንገድ የሚዘጋበትን ጊዜም አስቢበት። አንድ ቀጠሮ ቢያልፍ ጥርስሽ አይበላሽም፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀጠሮዎች ግን መዝለል የለባቸውም። ስለዚህ ለእነዚያ ሳምንታት በሐኪምሽ ከተማ የሚያሳርፍሽ ዘመድ ካለ ከአሁኑ ንገሪው። አስታማሚሽም ትበላለች፣ ታድራለች፤ ሒሳብ ውስጥ አግቢያት።

ስለ መድን፦ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታሰበው ለገበሬውና በግል ሥራ ለሚተዳደረው እንጂ ለመንግሥት ደመወዝተኛ አይደለም። ለእናንተ የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ቢታወጅም ተግባራዊነቱ ሲዘገይ ኖሯል። ስለዚህ ከኪስሽ እንደምትከፍዪ ቆጥረሽ ተነሺ። ይህን የምታነቡ፣ የማህበረሰብ አቀፍ መድን ያላችሁ ደግሞ፣ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር ሳታጽፉ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል አትሂዱ። መድኑ ለውበት ተብሎ የሚሠራን አይሸፍንም፤ ማኘክ ያቃተው፣ መንጋጋው የተሰበረ ወይም እብጠት የበቀለበት ሰው ጉዳይ ግን ውበት አይደለምና ሐኪሙ ይህንኑ በወረቀቱ ላይ ግልጽ አድርጎ እንዲጽፍ ጠይቁ። ሳላነሳው የማላልፈው ነገር፦ መንጋጋው ላይ ቀስ እያለ የሚያድግ፣ የማያም እብጠት ያለበት ሰው ገንዘብ እስኪሞላለት አይጠብቅ። አሜሎብላስቶማ የሚባለው እብጠት ሕመም ሳይኖረው አጥንቱን ይበላል፤ ትንሽ ሳለ የሚወጣው አጥንት ትንሽ ነው፣ ሲዘገይ ግን ግማሽ መንጋጋ ሊሄድ ይችላል። ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ያለው ወላጅም ስማይል ትሬይን የሚባለው ድርጅት በሚደግፋቸው ሆስፒታሎች ሕክምናው በነጻ እንደሚሰጥ ይወቅ።

ወደ አንቺ ልመለስ። «በጣም ያማል ወይ?» ብለሻል። ሰው የሚፈራውን ያህል አያምም። ከንፈርሽና አገጭሽ ስለሚደነዝዝ የቁርጡን ሕመም ብዙ አትሰሚውም፤ የቀረውን ማስታገሻ ይይዘዋል። ከሕመሙ ይልቅ የሚከብደው እብጠቱ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ፊትሽን በመስታወት አይተሽ የማን እንደሆነ ሊጠፋብሽ ይችላል። እናትሽም ያኔ ነው የምትደነግጠው። አብዛኛው በሁለትና ሦስት ሳምንት ይወርዳል፤ የቀረው ጥቂት እብጠት ግን ወራት ይወስዳል፤ የመጨረሻ መልክሽን በወሩ አትፍረጂው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ፣ ከዚያም በኋላ ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት ይረዳል።

ላይኛው ከተሠራ አፍንጫሽ ይታፈናል፤ ለቀናት ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ይወጣል። አፍንጫሽን ለሁለት ሳምንት ያህል አትናፈጪ። ጉሮሮሽ ሰመመኑ በገባበት ቱቦ ምክንያት ይከረክርሻል። ላይና ታች ጥርስሽ በላስቲክ ይያያዛል፤ በመጀመሪያው ሌሊት ብዙ ሰው «ትንፋሽ አጠረኝ» ብሎ ይሸበራል። በጥርስ መሃል አየር ያልፋል፤ በቀስታ መተንፈስ ነው። ላስቲኩን መቁረጫ መቀስ ከአልጋው አጠገብ አይለይ፤ አስታማሚሽም ትውኪያ ቢመጣብሽ የትኛውን እንደምትቆርጥ ከነርሷ ጠይቃ ትወቅ። በዚሁ ምክንያት በመጀመሪያው ሳምንት አውቶቡስ ተሳፍሮ የዓባይን ቁልቁለት ወርዶ መውጣት አልመክርሽም፤ መኪና የሚያቅለሸልሽሽ ከሆነማ ጨርሶ አይታሰብ። አሥር ቀን ያህል እዚያው ሐኪምሽ አጠገብ ቆዪ።

ስለ ደም አንድ ነገር፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት የደም ማነስ ካለብሽ ቀድሞ ይታከም። ቤተሰብም ደም እንዲተካ ሊጠየቅ ይችላል፤ ፈቃደኛ የሆኑ ዘመዶችን በሰዓቱ ከመፈለግ ቀድሞ ማነጋገር ይሻላል።

ምግቡ ከሁሉ ረጅሙ ፈተና ነው። የመጀመሪያው ሳምንትና ከዚያም ትንሽ ከፍ ብሎ የሚጠጣ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ የማይታኘክ ለስላሳ ነገር። አጥንቱ የሚያያዘው በስድስትና ስምንት ሳምንት ውስጥ ነውና ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥሬ ሥጋ ሐኪምሽ እስኪፈቅድ ይቆዩ። ጥቂት ኪሎ መቀነስሽ አይቀርም፤ ብዙ እንዳይሆን ግን በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ጠጪ። ደግነቱ የእኛ ቤት ለዚህ አይቸገርም፦ የአጃ አጥሚት በወተት፣ በሶ ቀጠን ተደርጎ በማር፣ የተልባና የሱፍ ውሃ፣ እርጎ፣ ተጣርቶ የቀጠነ ሽሮ በቅቤ። አጥሚትና ሾርባው ለብ ይበል፤ ከንፈርሽ ደንዝዟልና ሙቀቱን ሳታውቂ ልትቃጠዪ ትችያለሽ።

መምህርት ስለሆንሽ ቀኑን ለክረምት ብታደርጊው ይበጅሻል። ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ብትሠሪ ፍልሰታ ነሐሴ 1 እስኪገባ ድረስ ወተትና እንቁላል ታገኚያለሽ፣ መስከረም ደግሞ ክፍል ለመግባት ትደርሻለሽ። ፍልሰታ ሲገባ ቁስሉ ገና ትኩስ ነው፤ የንስሐ አባትሽን ቀድመሽ አነጋግሪ፤ ለሕመምተኛ የሚሉትን እሳቸው ያውቃሉ። እጾማለሁ ካልሽም ሱፉ፣ ተልባው፣ የኦቾሎኒ ቅቤው በአጥሚት ተበጥብጦ ያቆይሻል፤ ውሃና ስኳር ብቻ እየጠጣሽ ግን አትጹሚ። አፍሽን ከምግብ በኋላ ሁሉ በጨው ውሃ ተጉመጥመጪ፤ መፋቂያውን ትተሽ ለስላሳ የልጅ ጥርስ ብሩሽ ያዢ። አረቄ ለቁስል ጥሩ ነው የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው፤ ያቃጥለዋል እንጂ አያድነውም።

ብዙ ሐኪም ፈጠን ብሎ የሚያልፈውን ልንገርሽ። የታችኛው መንጋጋ በሚሰነጠቅበት ቦታ ውስጥ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ያልፋል። ሲነካ ይደነዝዛል፤ ገና እንደነቃሽ የታችኛው ከንፈርሽ የራስሽ አይመስልሽም። በአብዛኛው ሰው ስሜቱ በወራት ውስጥ፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ዘግይቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ጥቂት በማይባሉ ሰዎች ላይ ግን የተወሰነ ድንዛዜ ለሁልጊዜው ይቀራል። ከንፈር መንቀሳቀሱን አያጣም፤ የሚጎድለው የመዳሰስ ስሜት ነው። ዕድሜ ሲጨምር ይህ ዕድል ስለሚጨምር በ24 ዓመት መሠራት ከ40 ይሻላል። ይህን አውቀሽ፣ «ከንፈሬ ትንሽ ቢደነዝዝም እንጀራዬን መቁረስ እመርጣለሁ» ማለት ከቻልሽ ዝግጁ ነሽ። ካልቻልሽም አለመሠራት ነውር አይደለም፤ ሕይወትን የሚያሰጋ በሽታ አይደለምና ማንም ሊያጣድፍሽ አይገባም።

በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ሆድ ይብስሻል። ርሃቡ፣ እብጠቱ፣ መናገር አለመቻሉ ተደራርቦ «ምነው ባልጀመርኩት» የሚያሰኝ ሐዘን ይመጣል። ይህ ከብዙ ሰው አይቀርም፣ ያልፋልም። ሳያልፍ ከቆየ ግን ለሐኪምሽ ንገሪው።

እናትሽን በተመለከተ፣ እንባቸውን እንደ እንቅፋት አትይው። የሚፈሩት ልጃቸው በሰመመን ተኝታ እንዳትቀር ነው፤ ያንን ፍርሃት ደግሞ ከአንቺ ይልቅ ሰመመን ሰጪው ሐኪም ነው ሊመልስላቸው የሚችለው። የተሰበረ እግር ሲታሰር እግዜር የሠራው ተነካ አንልም፤ ለማኘክና ለመናገር የተሰጠሽ መንጋጋ ሥራውን እንዲሠራ ማገዝም ከዚያ አይለይም። ዕቅዱ በሚነገርሽ ቀን አብረውሽ ይምጡ፣ ራጁን ይዩት፣ የፈለጉትን ይጠይቁ።

መጀመሪያ የምታደርጊው፦ ከፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሪፈር አጽፊ፤ ባሕር ዳር ካሉት ሪፈራል ሆስፒታሎች የመንጋጋና ፊት ቀዶ ሐኪም በየትኛው ቀን ተመላላሽ ታካሚ እንደሚያይ አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ፤ በከንቱ አትመላለሺ። በክሊኒኩ ያነሳሽውን ራጅ፣ ፊትሽን ከፊትና ከጎን የሚያሳይ ፎቶ፣ የምትወስጂው መድኃኒት ካለም ስሙን ይዘሽ ሂጂ። ከወንድሞችሽ ወይም ከአባትሽ ወገን ተመሳሳይ መንጋጋ ያለው ሰው ካለ ለሐኪሙ ንገሪው። ታናሽ እህት ወይም ወንድም ካለሽና መንጋጋው ወደ ፊት እየወጣ ከሆነ ደግሞ አብሮሽ ይታይ፤ ቀዶ ጥገናው እድገቱ እስኪያልቅ፣ ለሴት ከ16 ወይም 17፣ ለወንድ ከ18 እስከ 21 ዓመት፣ መጠበቅ ስላለበት ሐኪሙ በየዓመቱ እየለካ ይከታተለዋል።